ሣሩ ሲረክስ፦ ስለ መንዝ ጓሳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል መንግሥትና ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ቢሮዎች፣ ጓሳን ለምታዋስኑ ወረዳዎች አስተዳዳሪዎች፣ በሀገር ቤትም በባሕር ማዶም ለምትኖሩ የመንዝ ልጆች፤

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእናቴ ቤት ጣራ ነው። እናቴ ጎጆ ከወጣች ጀምሮ ጣራዋ የጓሳ ሣር ነበር። ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ከላይ በዝናብና በፀሐይ የገረጣ፣ ከውስጥ ግን የስንት ዓመት የምድጃ ጢስ ጠጥቶ ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ ከላዩ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ይወርድ ነበር። ባለፈው ዓመት አወረድነው። እኔና ወንድሞቼ አዋጣን፣ አሜሪካ ያለችው እኅታችንም ድርሻዋን ላከች፣ ቆርቆሮ ገዛን። እማዬ ደስ አላት። ጎረቤቶቿም «እሰይ፣ ልጆችሽ አኮሩሽ» አሏት። እኔም ደስ ብሎኛል፤ በስተርጅናዋ የሚያፈስ ጣራ ሥር እንድታድር አልፈልግም። ነገር ግን የወረደው አሮጌ ሣር ከግቢው ጥግ ተከምሮ ሳየው አንድ ነገር ከበደኝ። ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የጓሳን ተራራ ያስጠበቀው ይኸው ሣር ነው። ሣሩ ካላስፈለገን ተራራውን ለምን ብለን እንጠብቀዋለን?

ጥያቄው ከእናቴ ግቢ ስለሚያልፍ ነው ወደ እናንተ ይዤው የመጣሁት።

ጓሳን ላላያችሁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጓሳ ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ አንድ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውርጭ አገር ነው። ሣሩ ሌሊቱን በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ይጤሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከይፋት ቆላ የሚነሣው ጉም ገደሉን ተሳቦ ይወጣና ሜዳውን ይሸፍነዋል። በዚያ ጉም ውስጥ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል የቆመ ሰው ይመስላል፤ በልጅነቴ ከብት ፍለጋ ወጥቼ ስንት ጊዜ ደንግጬ እንደሮጥሁ እኔ አውቃለሁ።

ስሙን ለአገሩ የሰጠው ሣሩ ነው። ጓሳ እንደ ሌላው ሣር መሬት ላይ አይነጠፍም፤ በእቅፍ በእቅፍ ተከፋፍሎ፣ ሥሩን አጥብቆ ይዞ፣ ቅጠሉን እንደ ፀጉር ወደ ጎን ጥሎ ይበቅላል። ጣራ ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ዝናብ የሚከልል ገሳ ይሠራበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፣ የግድግዳ ጭቃ ሲቦካ ይገባበታል። በክፉ ዘመን ከብት ይተርፍበታል። ጉሙ ሲያልፍ ቅጠሉ ጤዛውን ይይዛል፣ ሥሩ ውኃውን ያስቀራል፤ ከዚያ ከሥሩ እየተንጠባጠበ በበጋም የማይደርቅ ምንጭ ይሆናል። ከጓሳ የሚነሣው ውኃ በስተምዕራብ ወደ ዓባይ፣ በስተምሥራቅ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

አባቶቻችን ይህን ተራራ በሥርዓት መጠበቅ የጀመሩት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚዎች ዘራቸውን የሚቆጥሩ ሰዎች በአጽመ ርስት፣ ማለትም ከአባት በሚወረስ የመሬት መብት፣ ተካፋይ ሆኑ፤ አለቃቸውን ራሳቸው መረጡ፤ ደንቡንም ራሳቸው ደነገጉ። ጓሳ ሲዘጋ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይነዳበትም። ሣሩ ደረሰ ሲባል ሽማግሌዎች ያዩትና በበጋው ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ጥበቃው በተራ ነበር። አያቴ ሲያወጉኝ፣ ተራው የደረሰ ሰው ለቅሶ ቢገጥመው እንኳ ምትክ ሳይተካ አይቀርም ነበር። በተዘጋ ጓሳ ላይ ያጨደ ሰው ቅጣቱን ከፍሎም አይገላገልም፤ በሠርግም በማኅበርም ስሙ ሲነሣ ይኖራል። «ጓሳ የሰረቀ» መባል ከእስር ይከፋ ነበር ይሉ ነበር አያቴ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አባቶቻችን የጠበቁት ቀይ ቀበሮውን ብለው አይደለም። ጭላዳውን ብለውም አይደለም። ሣሩን ብለው ነው። ለቤታቸው ክዳን፣ ለበሬያቸው ገመድ፣ ለክፉ ቀን መኖ ብለው ነው። ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ፣ ጅብራው ሁሉ ከሣሩ ጋር አብረው ተጠበቁ። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ በኩራት የምናሳየው ብርቅዬ ሁሉ የተረፈው በአንድ ተራ የቤት ክዳን ምክንያት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ያ ሥርዓትም አብሮ ተሻረ። አዋጁ በሌላ አካባቢ ለብዙ ጭሰኛ ፍትሕ ማምጣቱን አልክድም። ጓሳ ላይ ግን ባለቤት አሳጣ። የሁሉም ነው ሲባል መጠበቁ የማንም ሥራ ሳይሆን ቀረ። ዳር ዳሩ ታረሰ፣ ሣሩ ያለ ወቅቱ ታጨደ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተነቀለ። ታላላቆቻችን የዚያን ጊዜ ነገር ሲያነሡ «ያኔ ጓሳ ተላጨ» ይላሉ። ደግነቱ ትዝታው አልጠፋም ነበር። ሕዝቡ እንደገና ተሰባስቦ ኮሚቴ አቋቋመ፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፣ የመክፈቻና የመዝጊያውን ልማድ መለሰ። ክልሉም ጓሳን በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት በሕግ አወቀው። ይህን ላደረጋችሁ ሁሉ፣ በቢሮም ሆናችሁ በሜዳ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ስለ ቀበሮው ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥቅምት ላይ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል። ከገደሉ አፍ የወጡ ጭላዳዎች፣ ሁለት መቶ ቢሆኑ ነው፣ በቂጣቸው ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ወደ ሜዳው መሐል ይንፏቀቃሉ። ከወደ ረግረጉ አንድ ቀይ ቀበሮ ብቅ አለ። እኔ አሁን ይበተናሉ ብዬ ጠበቅሁ። ውሻ ቢሆን ኖሮ ጩኸታቸው እስከ መሐል ሜዳ ይሰማ ነበር። ቀበሮው ግን አልሮጠም፣ አልተደበቀምም። እንደ ሰፈር ሰው ቀስ እያለ በመካከላቸው ገባ። አንዲት እናት ጭላዳ ግልገሏን ሳብ አድርጋ መንጨቷን ቀጠለች። እሱ ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ ቆመ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆየ፣ ከዚያ ዘለለ። አይጧ አፉ ውስጥ ነበረች። ሦስት ክንድ በማይርቅ ቦታ ላይ የተቀመጠው ጭላዳ ዞር ብሎም አላየው።

በኋላ ሳነብ ይህን ያየሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ተረዳሁ። እዚሁ ጓሳ ላይ ለዓመታት ጭላዳ ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው ከጭላዳዎች ጋር ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ። ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ስለሚያውኳቸው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንግዲህ አስቡት፦ ሣሩ ጭላዳውን ይመግባል፣ በሣሩ ሥር አይጥና ፍልፈል ይራባል፣ ቀበሮው በጭላዳው መካከል ሆኖ አይጡን ይለቅማል። ሣሩን ካነሣነው ይህ ሁሉ ጉርብትና ይፈርሳል።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሌ ተራሮች ላይ ነው ያለው። የእኛ ጓሳ የያዘው በአሥሮች የሚቆጠር ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ጮቄ ላይ ድሮ ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ ዛሬ የለም። ጉና ላይ በእኛው ዕድሜ ነበረ፤ ዛሬ የለም። ሁለቱም ተራሮች ቆመዋል፣ ስማቸውም አለ። የጠፋው ከሥር ተነሥቶ ወደ ላይ ሲገፋ የኖረው እርሻና ግጦሽ የበላው ሣር ነው፤ ቀበሮውም አብሮት ሄደ።

አሁን ወደ ቆርቆሮው ልመለስ። ከጣርማ በር እስከ መሐል ሜዳ መንገዱን ይዛችሁ ስትሄዱ ግራና ቀኝ ተመልከቱ። እኔ ልጅ ሳለሁ የሣር ጣራ የሌለው ቤት የሚቆጠር ነበር። አሁን የሚቆጠረው ሣር ጣራው ነው። ገመዱን ላስቲክ ተካው። ገሳውን ላስቲክ ተካው። ፍራሹን ስፖንጅ ተካው። ማንም በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ሣር ጣራ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፣ እሳትም ይፈራል፤ ከዚያ ይልቅ አንዴ ተመትቶ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚያኖር ቆርቆሮ የመረጠ ገበሬ ትክክል ነው። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ድምር ጓሳን እያረከሰው ነው። ድሮ መክፈቻው ቀን ሲደርስ መንደሩ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድር ነበር፤ ማጭድ ይሳላል፣ አህያ ይጫናል፣ ሕፃን ሳይቀር ይወጣል። ባለፈው ጊዜ የወጡት በአብዛኛው አዛውንት ናቸው። አንድ የጎረቤታችን ልጅ ለምን እንዳልወጣ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ለማን ልሸጠው? ሸክሙ ሁለት ቀን ያለፋኛል፣ ዋጋው የምሳዬን አይሞላም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እሱ ጓሳን አይጠላም። ከፈለጋችሁ ስለ ቀበሮው ከእኔ የበለጠ ይነግራችኋል። ግን ሥራ የለውም፣ መሬት የለውም። በልጉ በየጊዜው ይከዳል፤ የበልግ ገብስ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ በልግ ከከዳ ዓመቱ ባዶ ነው። እንዲህ ላለ ወጣት ጓሳ ማለት ያልታረሰ ጥቁር አፈር ነው። ዳር ላይ አንድ ጥማድ ገፋ አድርጎ ድንች ቢተክልበት ማን ይፈርድበታል? አያቱ ቢሆኑ ደንቡ ይይዛቸው ነበር፤ ሣሩ የራሳቸው ጣራ ነበርና። እሱን ግን ምን ይይዘዋል?

የጥበቃ ሠራተኛ ብቻውን ይህን አያቆመውም። በብርድ ልብስና በዱላ፣ ጉም ውስጥ፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊጠብቅ የወጣ ሰው ሌባን ያባርራል እንጂ ችግረኛን አያባርርም፤ ችግረኛው አብሮት ያደገ ጎረቤቱ ነው። ቱሪስት ብቻውንም አያቆመውም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ በደረሰ ጊዜ እንግዳ ማለት ምን ያህል በአንድ ቀን የሚቋረጥ እንጀራ እንደሆነ አይተናል። ከዚያ ወዲህም ሰላሙ አልጸናምና የጓሳ የእንግዳ ማረፊያ ሎጅ ያለ እንግዳ ስንት ወራት እንደሚከርም የምታውቁት ነው። እንግዳው ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ግን የአራት መቶ ዓመት ሥርዓት በአየር መንገድ ትኬት ላይ አይንጠለጠልም።

ደግሞ ማንም ያላጨደው ሣር ለዘለዓለም እንደ ቆመ አይኖርም። ከዓመት ዓመት ይደርቃል፣ ይከመራል፣ ክብሪት ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ ስሜን ተራሮች ሲነድ እሳቱን ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ እንደ ነበረብን አንረሳም። በወቅቱ የሚታጨድ ጓሳ ለቤቱም ለተራራውም ደኅንነት ነው። አባቶቻችን መዝጋትን ብቻ ሳይሆን መክፈትንም ሥርዓት ያደረጉት በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ከክልሉ መንግሥትና ከወረዳዎቹ የምለምነው የመጀመሪያው ነገር ገንዘብ አይደለም፤ ሣሩን ግዙት። በክልላችን ለእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ጎጆ አለ፣ በየመናፈሻው የሚሠራ ዳስ አለ፣ በየሆቴሉ ግቢ የሚተከል የባህል ቤት አለ። ብዙዎቹ ላይ የሚወጣው ሣር ከየት እንደመጣ፣ በምን ወቅት እንደታጨደ የሚጠይቅ የለም። መንግሥት በሚያሠራቸው እንዲህ ባሉ ቤቶች ላይ ሁሉ ክዳኑ በወቅቱ ከተከፈተ ጓሳ፣ በማኅበረሰቡ ኮሚቴ በኩል፣ በደረሰኝ እንዲገዛ ይታዘዝ። ከዳኞቹም ከእኛው ይሂዱ፤ ጓሳ ሲከደን ከታች ጀምሮ እንዴት እንደሚነባበር፣ ጉልላቱ ላይ እንዴት እንደሚታሰር የሚያውቁ አዛውንቶች ገና በሕይወት አሉ። የጎረቤቴ ልጅ ከእነሱ ሙያውን ተምሮ ባሕር ዳርና ጎንደር ድረስ ቢሄድ፣ ጓሳ ሲሰረቅ የመጀመሪያው የሚጮኸው እሱ ይሆናል። ይህን ቃል እገባላችኋለሁ።

ሁለተኛው ደብተር ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ለማሳው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው፤ ድንበሩ ተለክቶ፣ አዋሳኙ ተጽፎ። ጓሳም በማኅበረሰቡ ስም እንዲሁ ይለካ፣ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ይተከል፣ ካርታው በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በወረቀት ጥብቅ ሥፍራ ነው ተብሎ ድንበሩ በየዓመቱ በማረሻ የሚገፋ ከሆነ ሕጉ ማንንም አይጠቅምም። ይህ ሲሆን ዛሬ ዳሩን ያረሱትን ሰዎች በአንድ ቀን አባርራችሁ እንዳትጀምሩ አደራ። ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ማን መቼ እንደገፋ ይጣራ፣ የቸገረው ምትክ ያግኝ። በስሜን ተራሮች የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ መዛወራቸውን፣ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ መውጣቱን እየጠቀሱ «ሰው ሲነሣ ነው እንስሳ የሚተርፈው» የሚሉ አሉ። የጓሳ ታሪክ ይህን አይልም። ጓሳን ያተረፈው ዳሩ ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

ሦስተኛው ውሻ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። መንዝ ውስጥ ውሻ የሌለው እረኛ የለም፤ ጅቡ አያስቀምጥም። እነዚያው ውሾች ከበጎቹ ጋር ጓሳ ዳር ይውላሉ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ በእኛ መንደር አንድ ውሻ አበደ። ሁለት ልጆችና አንዲት ላም ነከሰ። ልጆቹን በሌሊት በሰው ትከሻ አውርደን ለክትባት ከተማ አደረስናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ላሟ ሞተች። በማግሥቱ የቀሩትን ውሾች ለማስከተብ ወደ አንድ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መድኃኒቱ የለም፣ ሲመጣ እንጠራችኋለን ተባልኩ። እስካሁን የጠራን የለም።

ይህ የመንደር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና እንደገና በ2003 ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ፣ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት ሦስት እጁን ፈጅቷል። ቀበሮ ተንከባካቢ ነው፤ መንጋው ጠዋትና ማታ ተገናኝቶ አፍ ለአፍ ይላላሳል። አንዱ ከታመመ ሁሉም ይታመማል። ባሌ ከዚያ መልሶ ለመብዛት የሚያስችለው ሌላ መንጋ ነበረው። ጓሳ ላይ ግን ያሉን ጥቂት መንጋዎች ናቸው፤ አንድ ክፉ ክረምት ይበቃናል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የቀበሮ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት በዱር የሚበተንበት መንገድ ተጀምሯል። መልካም ነው። በጣም ርካሹ መንገድ ግን ውሻውን በየዓመቱ መከተብ ነው፤ ልጆቻችንንም፣ ላሞቻችንንም፣ ቀበሮውንም በአንድ መርፌ ይጠብቃል። ጓሳን በሚያዋስኑ ቀበሌዎች ሁሉ በዓመት አንድ ቀን፣ በታወቀ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በገበያ ቀን ውሻ ይከተብ። ሰዉ ውሻውን አስሮ ይዞ ይመጣል። እኔ ለመንደሬ እመሰክራለሁ።

ስለ ጥበቃ ሠራተኞቹ አጭር ነው የምለው፤ ደመወዛቸው በወሩ ይድረሳቸው፣ ጫማና ካፖርት ይኑራቸው። ውርጭ ላይ የሚያድር ሰው በልመና አይሠራም።

ስለ ውኃውም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከጓሳ ሥር በሚመነጨው ውኃ የሚጠጡ ከተሞችና የሚያለሙ መስኖዎች በይፋት ቆላም በመንዝም አሉ። ውኃው እስካልጎደለ ማንም ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከእያንዳንዱ የውኃ ክፍያ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተነሥቶ ለሣሩ ጠባቂዎች ቢደርስ፣ ከታች ያለው ሰው ከላይ ያለውን ያውቀዋል። ይህን ለማጥናት ባለሙያ በየቢሮአችሁ አለ፤ ጊዜ ስጡት።

አሁን ወደ እናንተ፣ በአዲስ አበባ፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በዐረብ አገር ወዳላችሁ የመንዝ ልጆች። ለእናቶቻችን ቆርቆሮ የላክነው እኛ ነን፤ ሸክማቸውን አቅልለናል፣ ይህን ማንም አይነሣብንም። ግን በዚያው እጃችን ሳናውቀው የጓሳን ገበያ ዘግተናል። ብዙዎቻችሁ አገር ቤት ስትገቡ ለመዝናኛም ለሥራም ቤት ትሠራላችሁ፤ ማረፊያ ቤት የምትከፍቱም አላችሁ። አንዲት ጎጆ በጓሳ አስከድኑ፤ ከኮሚቴው ግዙ፤ ከዳኙን ከመንደራችሁ ጥሩ። ባሕር ማዶ ያሉ ማኅበሮቻችሁ ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን በሚያዋጡት ላይ የአንድ ዓመት የውሻ ክትባት ቢጨምሩ የሚከብዳቸው አይመስለኝም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡም ጣርማ በር ላይ ወደ ቀኝ ወደ ወሎ አትለፉ፤ አንድ ቀን ወደ ጓሳ ታጠፉ፣ ገደሉ አፍ ላይ ማለዳ ቁሙ። ጭላዳው ሲወጣ ያያሉ።

ለቢሮዎቹ አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። በጓሳ ጉዳይ የምታደርጉትን ስብሰባ በከተማ አዳራሽ አታድርጉት። በበጋው መክፈቻ ቀን ኑ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሰዉ ከየቤቱ ሲወጣ አብራችሁ ውጡ፤ ካፖርት ያዙ፣ ብርዱ ይጠናል። ስንት ሰው ማጭድ ይዞ እንደወጣ፣ ስንቱ ወጣት እንደሆነ በዐይናችሁ ቁጠሩ። ስንቱ ሸክም እንደተሸጠ፣ በስንት እንደተሸጠ ማታ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕቅዱ እንነጋገር። የእናቴ ቤት በመንገዳችሁ ላይ ነው፤ ቡና ይፈላል። ከግቢው ጥግ የተከመረው አሮጌ ጣራም እስካሁን እዚያው ነው፤ እማዬ እንዳይነሣ ብላለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከጓሳ ዳር የተወለደ አንድ መምህር